«በቀን ስንት ይሸጣሉ?» ማለት ያቆምኩበት ክረምት

2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት እሠራ ነበር። የቀን ገቢ ግምት የወጣበት ዓመት ነው። ነጋዴ የሆነ ሰው ያንን ዓመት አይረሳውም። እኔም አልረሳሁትም፤ ከገማቾቹ አንዱ ነበርኩ።

ያኔ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ «ደረጃ ሐ» ይባል ነበር። የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም። ስለዚህ ቤቱ ድረስ ሄደን፣ ዕቃውን አይተን፣ ባለቤቱን ጠይቀን የቀን ሽያጩን እንገምታለን። እሱ በሥራ ቀናት ተባዝቶ፣ የዘርፉ ትርፍ ታይቶ ግብሩ ይወጣል። ክፍያው እስከ ሐምሌ 30 ነው።

ጠዋት ወጥተን እስከ ማታ ከሱቅ ሱቅ እንዞራለን። ለአንዱ አሥር ደቂቃ ከሰጠን ብዙ ነው። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነበር። «በቀን ስንት ይሸጣሉ?» አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለጠየቅኩ ሁሉንም እኩል ያየሁ ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ ገባና ግቢው በቅሬታ አቅራቢ ተጥለቀለቀ። ብዙ ሰው «የቀን ገቢ» የተባለውን የቀን ትርፍ አድርጎ ነው የሰማው። በየቀኑ የሚከፈል ግብር የመሰለውም ነበር። ሽያጭ መሆኑን ቀድመን በደንብ አላስረዳንም። ያ የእኛ ጥፋት ነው።

ቅሬታ የሚሰሙትን እንዳግዝ ተመደብኩ። አንድ ቀን ጀበና ቡና የሚሸጡ እናት መጡ። ወረቀታቸውን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለውታል። ፈታሁት። የቀን ሽያጭ 1,200 ብር ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

«እርስዎ እኮ ነዎት 1,200 ያሉን» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያን ሰሞን ፊት ለፊታችን ሕንፃ ይሠራ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚጠጣው። እናንተ የዚያን ቀኑን ጠየቃችሁኝ፤ የዚያን ቀኑን ነገርኳችሁ። አሁን ሥራው ቆሟል፤ ልጆቹም ተበትነዋል።»

እውነቱን የተናገረ ሰው ነው የተጎዳው። ይሄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ወንበር ሳብኩላቸውና ሌላ ጥያቄ ጀመርኩ። በሳምንት ስንት ኪሎ ቡና ይቆላሉ? ሦስት። ከአንዱ ኪሎ ስንት ስኒ ይወጣል? ከመቶ ብዙም አያልፍም። ስኒው ስንት ነው? 5 ብር። እሑድ ይሠራሉ? አይሠሩም። በስድስት ቀን 300 ስኒ፣ በቀን 50 ስኒ፣ 250 ብር ማለት ነው። ሻይና አምባሻው ሲጨመር 400 ብር ቢሞላ ነው። በ300 ቀን ሲባዛ 120,000 ብር ይሆናል። እኛ የጻፍነው 360,000 ነበር።

ከእሳቸው ሁለት በር ዝቅ ብሎ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ያኔ ረጋ ብሎ «ገበያ የለም፤ 900 ብር ብትሉት ነው» ብሎን ነበር። ጻፍነው። ቡና የሚያፈሉት እናት ሚስማርና ቆርቆሮ ከሚሸጠው በላይ ሻጭ ሆኑ ማለት ነው! ተመልሼ ሄድኩ። ከሱቁ ጀርባ መጋዘን አለው፤ ቀለሙ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ዕቃው በስንት ቀኑ እንደሚራገፍ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ግምቱ እንደገና እንዲታይ ማስታወሻ ጻፍኩ። ውሎ አድሮ ሱቁ ከደረጃ ሐ ወጣ።

ሕጉ ላይ እኩልነቱ ነበር። ያኔ ለእኔ ለደመወዝተኛው በወር 600 ብር ከግብር ነፃ ነው። ለነጋዴው ደግሞ በዓመት 7,200 ብር። ሂሳቡ አንድ ነው። የእኔ ግን ደመወዜ እጄ ሳይገባ ይቆረጣል፤ ማንም ገምቶልኝ አያውቅም። ልዩነቱ የሚፈጠረው በር ላይ፣ በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ከሚሸጠው ይልቅ የሚገባውን መጠየቅ ለመድኩ። ስንት ጆንያ ከሰል፣ ስንት ኪሎ ዱቄት፣ ስንት ካርቶን? ሰው ሽያጩን ሲጠየቅ ይፈራል፤ የገዛውን ግን በደንብ ያስታውሳል። አንድ ቤት ሁለቴ እሄዳለሁ፤ አንዱን ገበያ በሞቀበት፣ ሌላውን በቀዘቀዘበት ቀን። ሴት ነጋዴ ቁማ ባሏን መጠየቅም ተውኩ። ብዙዎቻችን ሳናስበው እናደርገው ነበር፤ ባል ደግሞ የጀበናውን ሂሳብ አያውቀውም።

የቅሬታ ቀነ ገደቡን ሳልናገር ደግሞ ከበር አልወጣም። የታክስ አስተዳደር አዋጁ 21 ቀን ይሰጣል። እዚያ ካልተስተካከለ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ ከተከራከሩበት ግብር 50 በመቶውን ማስያዝ ያስፈልጋል። ባለ መጋዘኑ ያስይዛል። ባለ ጀበናዋ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ የመጀመሪያው ቅሬታ ሰሚ በጥሞና ሊሰማት ይገባል።

በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ሦስቱን የግብር ከፋይ ደረጃዎች ወደ ሁለት አውርዷቸዋል፤ መለያቸውም የ2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ሽያጭ ሆኗል። የሽያጩን ልክ ማወቅ ግን አሁንም ዋናው ሥራ ነው።

እኚያ እናት በቀጣዩ ሐምሌ ሲመጡ በዚያው ፌስታል የልጃቸውን ደብተር ይዘው ነበር። ልጁ ማታ ማታ የቆሉትን ኪሎና የሸጡትን እየጻፈላቸው ከርሟል። እሑድ እሑድ «ዝግ» ይላል። አንድ ሙሉ ሳምንት ላይ ደግሞ «ለቅሶ» ብሎ ጽፏል። ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ ደመርነው።