በባዶ ሆድ ሁለት ሊትር፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር

"ጠዋት በባዶ ሆድ ውሃ ጠጡ" የሚሉ መካሪዎች "ከጠጣችሁ በኋላ ግን አገር አቋራጭ አውቶቡስ አትሳፈሩ" ብለው አይጨምሩም። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ሁለት ሃይላንድ ውሃ፣ ማለትም ሁለት ሊትር፣ ጭልጥ አድርገው ነው መናኸሪያ የደረሱት። ነርስ መሆኔን ሲሰሙማ ደረታቸውን ነፉ። "ኩላሊቴን አጥቤ ነው የመጣሁት!"

ጤነኛ ኩላሊት ቢበዛ በሰዓት ከ800 ሚሊ ሊትር እስከ 1 ሊትር ያህል ነው ማስወገድ የሚችለው። ብዙ ውሃ በአንዴ ሲገባ ደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ አንጎል ይህን ሲያውቅ ውሃ የሚቆጥበውን ሆርሞን መልቀቅ ያቆማል፤ ግማሽ ሰዓት፣ ቢዘገይ አንድ ሰዓት ሲሆነው ቧንቧው ይከፈታል። ፊኛ ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲይዝ ይቆነጥጣል፣ ከ400 እስከ 500 ሲሞላ ይጮኻል። እንግዲህ አካፍሉት፦ ሁለት ሊትር ማለት አራት ጊዜ መውረድ ነው። ሹፌሩ ያሰበው አንዴ፣ ያውም ጎሃ ጽዮን ለቁርስ።

ሱሉልታ ላይ ጋሼ እግራቸውን አነባበሩ። "ልጄ፣ ይሄ መንገድ ድሮም እንዲህ ያንገጫግጫል?" አስፋልት ላይ ነን። ጫንጮ ስንደርስ ረዳቱን ጠሩት።

"ጋሼ፣ ገና መነሳታችን እኮ ነው!"

"የኔም ገና መጀመሩ ነው፣ የኔ ልጅ!"

ሙከጡሪ ላይ ደገሙ። ፍቼ ላይ ረዳቱ ክርክሩን ትቶ በር አጠገብ ቦታ ለቀቀላቸው። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት "በሳቸው ሰበብ እኔም ልገላገል" ብለው ወረዱ፤ ግማሹ አውቶቡስ ተከተላቸው።

ጎሃ ጽዮን ላይ ጋሼ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ዞሩ። ጥብሳቸው ላይ ሚጥሚጣና ጨው እየነሰነሱ "ባሕር ዳር እስክንገባ ጠብታ ውሃ በአፌ አይዞርም" አሉ። ይሄኛው ይብሳል! ፊት ለፊታችን የአባይ በረሃ ነው። ከደጋው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ ድልድዩ ጋ ሲደረስ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ላቡን የመስኮት ንፋስ ስለሚያደርቀው ምን ያህል እንደወጣ እንኳ አይታወቅም።

መንገደኛ ከመነሳቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ አንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ይጠጣ፤ ሊሳፈር ሲል ሽንት ቤት ይግባ። መንገድ ላይ በየሰዓቱ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ፣ እየተጎነጨ። ቆላ ሲገባ ይጨምር። አንድ ሁለት ስኒ ቡና ሰውነትን አያደርቅም፤ ቡናን በከንቱ አንማ።

ጋሼ "ታዲያ በቀን ስንት ነው?" ብለው አፋጠጡኝ። በአብዛኛው ለጤነኛ ሴት 2 ሊትር፣ ለወንድ 2.5 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ይበቃል። ግን ሻዩም፣ ሾርባውም፣ ወጡም፣ ብርቱካኑም ይቆጠራል። ልብ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰው ሐኪሙ በወሰነለት ልክ ነው የሚጠጣው። ለሌሎቻችን መለኪያው ሽንት ነው፦ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና፣ እንደ ሻይ ከጠቆረ ጠጡ፣ ቀኑን ሙሉ ቀለም ከሌለው ቀነስ አድርጉ። በአጭር ጊዜ ብዙ ሊትር የጠጣ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ንግግሩ ከተምታታበት ሶዲየሙ፣ ማለትም የደሙ ጨው፣ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ሌላ ሃይላንድ አይሮጥም።

የደጀንን ዳገት ስንጨርስ አውቶቡሱ ጋለ። ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመና ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ፤ የጋለ ራዲያተር ከተከፈተ ፊት ይጠብሳል። ረዳቱ ውሃ ሲለምን ጋሼ ያልተከፈተ ሃይላንድ ከቦርሳቸው አውጥተው አቀበሉት።

"ቀስ እያልክ አጠጣው እንግዲህ። በአንዴ ካንደቀደቅክለት ባሕር ዳር አንደርስም።"