የገማ እንቁላል የሚሸት ውሃ፦ ሰልፌት ቀናሽ ባክቴሪያዎችና የሚያፈነዷቸው ቫይረሶች

ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ቤት ሮቶ አለው። ባዶ ሰንብቶ ውሃ የተለቀቀበት ቧንቧ ዝገቱንና ደለሉን ጠራርጎ ያመጣዋል፤ ያ ሁሉ ሮቶው ሥር ይተኛል። ዓመታት ሳይታጠብ የከረመን ሮቶ ሥሩን በዱላ ቢነኩት ጥላሸት የመሰለ ዝልግልግ ነገር ይነሳል። ጥቁሩ የብረት ሰልፋይድ ነው፤ አብሮት የሚወጣው የገማ እንቁላል ሽታ ደግሞ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ሁለቱም የሰልፌት ቀናሽ ባክቴሪያዎች ሥራ ናቸው፤ ሰልፌት ውሃና አፈር ውስጥ የሚገኝ የድኝ ጨው ነው።

እኛ ምግባችንን በኦክስጅን እንደምናቃጥለው እነዚህ ባክቴሪያዎች በሰልፌት ያቃጥሉታል፤ ትርፉ ሰልፋይድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የለያቸው ሆላንዳዊው ማርቲነስ ባየሪንክ ነው፣ በ1895 እ.ኤ.አ.። በብዛት የተጠናችው ዝርያ ዴሰልፎቪብሪዮ ቩልጋሪስ ትባላለች። የጎንደር መሬት ባዛልት ነው፤ እንደ ዓባይ በረሃ ሰልፌት ያዘለ ጂፕሰም የሞላበት አይደለም። ቢሆንም ብዙ ሰልፌት አያስፈልጋቸውም። አየር የማይደርስበት ጥግ፣ ትንሽ የበሰበሰ ነገርና ጊዜ ካገኙ ይበቃቸዋል።

ጉዳታቸው ከሽታው ይብሳል። ብረት ላይ ተጣብቀው ይቀመጡና ከሥራቸው ጠባብ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ቧንቧው ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ አንድ ቀን ግን በመርፌ እንደተወጋ ያፈሳል። ሲሚንቶ ላይ ነገሩ ይለያል፦ ጋዙ ከፍሳሹ ተነስቶ የቱቦው ጣሪያ ላይ ይደርሳል፤ እርጥበቱ ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል። ስለዚህ የፍሳሽ ቱቦ የሚበላው ከላይ ነው፤ ሥሩን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ማለት ስህተት ነው።

ሰው የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። ከአየር ይከብዳል፣ ጉድጓድ ሥር ይተኛል። አፍንጫ በሚሊዮን ከአንድ ክፍል ባነሰ መጠን ያሸተዋል፤ ወደ 100 ሲደርስ ግን ማሽተት ያቆማል። «ሽታው ጠፋ፣ እንግባ» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ከ500 በላይ ሲሆን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ሊያወጣው ተከትሎት የገባውም እላዩ ላይ ይወድቃል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ያለ አየር መሣሪያና ያለ ገመድ አይገባም። ክብሪት ለኩሶ መፈተሽም አይረባም፤ ጋዙ ራሱ ይቀጣጠላል።

ወደ ቤት እንመለስ። የሚሸተው ሙቅ ውሃ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ቦይለሩ ውስጥ ነው። ብረቱን ከዝገት ለመጠበቅ የተገጠመው የማግኒዥየም ዘንግ ሲሟሟ ሃይድሮጂን ይለቅቃል፣ ባክቴሪያዎቹም ይመገቡታል። ዘንጉን በአሉሚኒየምና ዚንክ ቅይጥ መለወጥ፣ ውሃውንም አልፎ አልፎ ወደ 70 ዲግሪ አድርሶ ለጥቂት ሰዓት ማቆየት ይረዳል፤ ያን ቀን ማንም ሳይቀዘቅዝ እንዳይነካው መንገር ነው። ሙቁም ቀዝቃዛውም ከሸተተ ሮቶውን ተጠራጠሩ። አንድ ማጠቢያ ጋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ውሃውን በብርጭቆ ቀድታችሁ ውጭ ወጥታችሁ አሽቱት። ካልሸተተ ጥፋቱ የውሃው አይደለም፤ የገማው የማጠቢያው ቱቦ ነው።

ለሮቶ መድኃኒቱ ብሩሽና በረኪና ነው፣ ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ብሩሽ። ደለሉ ሳይወጣ በረኪና መጨመር ገንዘብ መድፋት ነው። አንድ ሚሊግራም ሰልፋይድ ድኝ እስኪሆን ብቻ 2 ሚሊግራም ክሎሪን ይበላል፣ ሰልፌት እስኪሆን ደግሞ ከ8 በላይ። ሮቶው ከተፋቀና ከታጠበ በኋላ ሞልቶ፣ ለ1000 ሊትር ውሃ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና 1 ሊትር ይገባል፤ በሊትር 50 ሚሊግራም ማለት ነው። ቧንቧዎቹ ሁሉ የበረኪና ሽታ እስኪሰጡ ይከፈቱ፣ ከዚያ ተዘግተው ይደሩ፤ በማግስቱ ውሃው ተደፍቶ ሮቶው ይለቅለቅ። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና ጉልበቱ አልቋል። ከአሲድ ማጽጃ ጋር ደግሞ ፈጽሞ አይደባለቅም።

አሁን ቫይረሶቹ። ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁ ቫይረሶች ፋጅ ይባላሉ። ባክቴሪያዋ ላይ ይጣበቃሉ፣ ዘረመላቸውን ይከትባሉ፣ ውስጧ ተባዝተው ያፈነዷታል። ሰልፌት ቀናሾችን የሚገድሉም አሉ፦ በ1989 እ.ኤ.አ. ጨው ወዳድ በሆነችው ዴሰልፎቪብሪዮ ሳሌክሲጄንስ ላይ የሚሠራ ፋጅ ተለይቷል። በ2009 ደግሞ ስዊድን ውስጥ ኤስፖ ከሚባለው የምድር ውስጥ ላቦራቶሪ ጥልቅ ውሃ ሌላ ተገኝቷል።

«ታዲያ ሮቶዬ ውስጥ ፋጅ ልጨምር?» ለሚል ሰው መልሱ አይሆንም ነው፤ ሒሳቡን እዩት። ፋጅ አይዋኝም፣ በዕድል ነው ባክቴሪያ የሚገጥመው። በደንብ በተጠኑ ፋጆች ልክ ብናሰላ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን ፋጅ ካለ አንዲት ባክቴሪያ በአማካይ በ100 ደቂቃ ገደማ ትጠቃለች። 100 ሺህ ብቻ ከሆነ ሳምንት ይፈጃል። 2000 ሊትር ሮቶን ወደ 10 ሚሊዮኑ ለማድረስ በሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን ፋጅ ያለው ፈሳሽ ቢኖረን 200 ሊትር ያስፈልገናል፤ የሮቶው አንድ አሥረኛ! ያ ፈሳሽ ደግሞ ካልተጣራ በሰልፋይድና በባክቴሪያ ስብርባሪ የተሞላ ነው፣ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም። በዚያ ላይ ዝልግልጉ ሽፋን ለባክቴሪያዎቹ ቤታቸው ነው፤ ፋጁ ከላይ ያሉትን ይገድላል እንጂ ሥር ያሉት ጋ በቀላሉ አይደርስም።

የፋጅ ቦታው ተዘግቶ የሚዞር ውሃ፣ የነዳጅ ጉድጓድና ረጅም ቧንቧ ነው፤ ኬሚካል በቶን የሚፈስበት ቦታ። እዚያም ቢሆን ከፋቂ መሣሪያ በኋላ እንጂ በፊት አይጠቅምም። ክሎሪን ፋጁንም ስለሚገድል ሁለቱን ባንድ ቀን መጠቀም ዘበት ነው።

ላቦራቶሪ ላላቸው፦ ፋጁን የምትፈልጉት ባክቴሪያዎቹን ካገኛችሁበት ቦታ ነው። የሌላ አገር ፋጅ የእናንተን ባክቴሪያ ላያውቃት ይችላል። ከቀሃ ወይም ከሽንታ ወንዝ ውሃው ከሚያዘግምበት፣ ጭቃው ከላይ ቡናማ ሆኖ ዝቅ ሲል ከሚጠቁርበት ቅዱና ጠርሙሱን እስከ አፉ ሙሉት፤ አየር አይግባበት። ለባክቴሪያዋ ፖስትጌት ቢ የሚባለው የማሳደጊያ ምግብ ይሁን፦ ለአንድ ሊትር ሶዲየም ላክቴት 3.5 ግራም፣ ማግኒዥየም ሰልፌት 2፣ ካልሲየም ሰልፌት 1፣ አሞኒየም ክሎራይድ 1፣ የእርሾ ጭማቂ 1፣ ፖታሲየም ፎስፌት 0.5፣ ፌረስ ሰልፌት 0.5፤ ኦክስጅኑን ለማጥፋት አስኮርቢክና ታዮግላይኮሊክ አሲድ ከየአንዳንዱ 0.1። ጠርሙሱ ሲጠቁር በቅለዋል። ካልጠቆረም 28 ቀን ሳይሞላ «የሉም» አይባልም።

እዚህ ላይ ጎንደር የራሷ ወጥመድ አላት። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ምግቡንና ዕቃውን በእንፋሎት የሚያመክነው የአውቶክሌቩ የግፊት መለኪያ የተለመደውን 15 ፒኤስአይ ሲያሳይም ውስጡ 121 ሳይሆን 117 ዲግሪ ገደማ ነው። መሣሪያው ከቻለ ወደ 18.5 ከፍ አድርጉት፣ ካልቻለ ሰዓቱን አርዝሙ። «ባክቴሪያዬ ተበከለች» ከሚሉት ስንቶቹ ይህን ረስተው ይሆን?

የጭቃውን ውሃ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉና ከጠራው ባክቴሪያ ጋር አየር በሌለበት ለቀናት አቆዩ፤ እንደገና አጣሩና ባክቴሪያዋ በተቀላቀለችበት ስስ አጋር (እንደ ጄሊ የሚረጋ ምግብ) ላይ ጠብ አድርጉ። ፋጅ ካለ ባክቴሪያዎቹን በገደለበት ቦታ ቀዳዳ የመሰለ ነጥብ ይታያል። ብረት ካበዛችሁ ሳህኑ በሙሉ ጠቁሮ ቀዳዳዎቹ አይታዩም፤ ስለዚህ ብረቱን ቀንሱ፣ ለፋጁ መጣበቂያ እንዲሆን ጥቂት ካልሲየምና ማግኒዥየም ይኑር። የተገኘው ቀዳዳ ደብዛዛ ከሆነ ፋጁን ጠርጥሩት። ባክቴሪያዋ ዘረመል ውስጥ ተሸጉጦ የሚተኛ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ያለው ለቁጥጥር አይረባም። ዴሰልፎቪብሪዮ ቩልጋሪስ ራሷ እንዲህ የተሸጎጡ ቫይረሶችን ተሸክማ ነው የምትዞረው።

ሙከራውን በባክቴሪያ ቆጠራ ብቻ አትፍረዱ። ቁጥሩ ሲቀንስ ብረቱ መበላቱን ሊቀጥል ይችላል። የተመዘኑ የብረት ቁራጮች ግማሹን ፋጅ ባለበት፣ ግማሹን በሌለበት ውሃ ውስጥ ስቀሉ፤ ከሁለት ወር በኋላ ዝገቱን አጽድታችሁ እንደገና መዝኑ፣ ከጉድጓዶቹም ጥልቁን ለኩ።