ጠጠር አታንጥፉ፦ የመዓዛ ቅጠሎች ጓሮ ሳዘጋጅ የተማርኩት

ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት መሬታችሁ ላይ ውሃ አፍስሱና የት እንደሚሄድ እዩ። ይህንን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር የመጀመሪያዎቹ ሮዝመሪዎቼና ጦስኞቼ ባልሞቱ ነበር። እኔ የተነገረኝ ግን ሌላ ነው።

ቦታ መምረጥ አያስቸግርም። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ለኩሽና የቀረበ ይሁን። ድስት ጥዶ እስከ ግቢው ጥግ የሚሮጥ የለም፤ የራቀ ቅጠል ሳይቀጠፍ ያረጃል። መደቡ ግድግዳ ተጠግቶ በአንድ በኩል ብቻ የሚደረስበት ከሆነ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ በሁለቱም በኩል ከሆነ 120። ከዚያ ካለፈ አፈሩን መርገጥ ይመጣል፣ የተረገጠ አፈር ደግሞ ይጠቀጠቃል። ወረቀት ላይ ስትነድፉ ረጃጅሞቹን ከኋላ፣ አጫጭሮቹን ከፊት አድርጉ። ይኸው ነው።

ጣጣው ከመሬት በታች ነው። የእኔ አፈር ዋልካ ነው። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ችግኝ የሸጠልኝ ባለሙያ ይህን ስነግረው ለአፍታም አላሰበም። «ከሥር ጠጠር ያንጥፉበት፣ ውሃው በዚያ ይወርዳል» አለኝ። ምክሩ በየመጽሔቱም አለ፣ ስለዚህ ሁሉም ያምነዋል። ቆፈርኩ፣ ጠጠሩን ደለደልኩ፣ አፈሩን መለስኩ፣ ተከልኩ።

ስህተት ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚያልፈው ከላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ጠብቆ ነው። እስከዚያው ከጠጠሩ በላይ ይቆማል። ጠጠር ማንጠፍ ማለት የረጠበውን አፈር ወደ ሥሩ ማስጠጋት ነው። ሳክሲያ ውስጥም ያው ነው፤ ከታች ቀዳዳ ይኑረው እንጂ ጠጠር አያስፈልገውም።

ሮዝመሪው ጫፍ ጫፉ ቡናማ ይሆን፣ ይጠወልግ ጀመር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውሃ መሳብ ስለማይችል ልክ እንደተጠማ ተክል ይጠወልጋል። ተመልሼ ባለሙያውን ስጠይቀው «ውሃ አንሶት ነው፣ ጠዋትና ማታ ያጠጡ» አለ። እንደዚያ አደረግኩ፤ ባሰበት። ድጋሚ ስሄድ ማዳበሪያ ሸጠልኝ። አፈሩን በእጄ ጨብጬ ላምጣልህ ወይ ብለው እንኳ ፍላጎት አላሳየም። ችግኙ ላይ የተለጠፈው ወረቀትም «አዘውትረው ያጠጡ» ይላል። ያው ወረቀት በሶብላውም ላይ አለ! ድንጋያማና ደረቅ ተዳፋት የለመደ ተክልና ውሃ የሚወድ ተክል እንዴት አንድ መመሪያ ይሰጣቸዋል? አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

በመጨረሻ ነቀልኩት። ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ጭቃ ነበር። ሥሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል፣ በጣት ሲነኩት ቅርፊቱ ይላጣል። ጦስኙም እንደዚያው።

ከዚያ በኋላ ነው መጀመሪያ መደረግ የነበረበትን ያደረግኩት። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉት፣ ይስረግ፣ እንደገና ሙሉት። አሁን በሰዓት ስንት እንደሚወርድ ለኩ። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሮዝመሪ፣ ላቬንደርና ጦስኝ እዚያ አይኖሩም። የእኔ ጉድጓድ ውሃ ንቅንቅ አላለም።

ዋልካን በጥቂት አሸዋ አስተካክላለሁ ብላችሁ አትድከሙ፤ ይበልጥ ይጠነክርባችኋል። ከመሬት ከፍ በሉ። ታችኛውን አፈር በመቆፈሪያ አላልቼ፣ በላዩ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ሠራሁ። ቀለል ያለ አፈር፣ ሻካራ አሸዋና ትንሽ ኮምፖስት አንድ ላይ ደባልቄ ሞላሁት። ከሥር ምንም ጠጠር የለም።

ንድፉንም ቀየርኩ። አሁን በቅድሚያ የምመድባቸው በቁመት ሳይሆን በውሃ ጥማት ነው። ሮዝመሪ፣ ጦስኝ፣ ላቬንደርና ኦሬጋኖ ከፍ ባለው መደብ፤ በሶብላና ፓርስሊ ዝቅ ባለው። ደረቅ መሬት ለሚወዱት ጣቴን አፈር ውስጥ ሰድጄ አፈሩ ካልደረቀ አላጠጣም፣ መመሪያው የፈለገውን ይበል። ማዳበሪያም አልሰጣቸውም፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ መዓዛው ግን ይሳሳል። አዲሱ ሮዝመሪ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፣ ጎረቤት ቅርንጫፍ እየለመነ ይወስዳል። በዚህ እኮራለሁ።

ስለ ቀሪዎቹ ባጭሩ። ናናን መደብ ውስጥ በፍጹም አትትከሉ፤ በመሬት ውስጥ እየሄደ ሁሉን ይወርሳል። ሳክሲያ ይበቃዋል። በሶብላን ከላይ ከላይ ቅጠፉት፣ ወደ ጎን ይሰፋል፤ አበባ እንዲያወጣ አትፍቀዱለት። ድንብላል ሥሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ መዛወር አይወድም። ዘሩን ቦታው ላይ ዝሩ፣ በየ3 ሳምንቱም ድገሙት፤ ሙቀት ሲበረታ ቶሎ ያብባል። ፓርስሊ ለመብቀል እስከ 4 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ሞቷል ብላችሁ አትቆፍሩት።