አራተኛው ጨዋታ

ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ነው የጀመረኝ። «ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር አራት የቼዝ ጨዋታ ብንገጥምስ? ሬቲንግ ያለው። ዳኛ አለኝ።»

ልጁ ሠላሳ አልሞላውም። ቼዝ ይችላል። ሬቲንጉ፣ ማለትም የተጫዋች አቅም የሚለካበት ነጥብ፣ 1766 ነው፤ የሚፈልገው 1800። ሒሳቡን ሶፍት ላይ ሠርቶት መጥቷል። የኔ 1850 ነው። የሱ ኬ ፋክተር (አንድ ጨዋታ ነጥብን ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ የሚወስነው ቁጥር) 20 ስለሆነ በ84 ነጥብ የሚበልጠውን ሰው ሲያሸንፍ 12 ነጥብ ከምናምን ያገኛል። ሦስት ድል፣ 37 ነጥብ። አለቀ።

ስለዚህ 1850 ግን ልናገር። ያገኘሁት ድሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ውድድር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ሬቲንግ ደግሞ ካልተጫወቱበት አይቀንስም። ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተሰቀለ የሠርግ ኮት ነው፤ ኮቱ አለ፣ ቦርጩ አልገባ አለ እንጂ። ልጁ ይህን ያውቃል። የመረጠኝም ለዚሁ ነው።

ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። የሚጋብዘኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ተሸነፉልኝ አላለኝም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የፈረንሳዩ ግራንድማስተር አሊሬዛ ፊሩዣም ማንንም እንዲህ አላለም። የዓለም ሻምፒዮኑን የሚገጥመው ሰው ለሚለይበት ውድድር፣ ለካንዲዴትስ፣ በሬቲንግ የሚገባ አንድ ቦታ ነበር፤ አሜሪካዊው ዌስሊ ሶ ይቀድመዋል። ፈረንሳይ ውስጥ ሻርትር ላይ በዕድሜ ገፋ ካሉ ግራንድማስተሮች ጋር በጥድፊያ ግጥሚያ ተዘጋጀለት። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ይህን አልቆጥርም አለ። ፊሩዣ እዚያው ፈረንሳይ ሩዋን ሄዶ ክፍት ውድድር ላይ ሰባቱንም አሸነፈና ቦታውን ወሰደ። እዚያ ላይ አፌን ይዣለሁ።

ቻይናዊውን ዲንግ ሊረንን ከሱ ጋር የሚደምሩ አሉ። በ2022 ቻይና በአንድ ወር 28 ጨዋታ አዘጋጀችለት። እኔ አልደምራቸውም። ዲንግን የጎደለው ለካንዲዴትስ የሚጠየቀው የጨዋታ ብዛት ነው። ነጥቡ ቀድሞም ነበረው፤ እንዲያውም መጫወቱ ሊያስጥለው ይችል ነበር።

ለማንኛውም ገጠምን። ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ አንድ፣ አራት ኪሎ አካባቢ። የመጀመሪያውን በንጹሕ ተሸነፍኩ። በሁለተኛው ግን በፈረስ በልጬዋለሁ። ድሮ ቢሆን ሃያ ደቂቃ የማስብበትን ቦታ በሁለት ደቂቃ አንቀሳቀስኩት። ፈረሱን መለስኩለት፣ ከዚያም ጨዋታውን። አውቄ አይደለም። ግን ውስጤ «አሁን ብታሸንፈው ምን ልታተርፍ ነው?» የሚል ነገር ነበር። ወንበሩ ላይ ለምን እንደተቀመጥኩ ሁለታችንም እናውቃለን። ደጋግሜ የማስበው እሱን ነው።

አባቴ የሰንጠረዥ፣ የድሮው የአገራችን ቼዝ፣ ተጫዋች ነበር። በፈረስ ወይም በደር (በግንቡ) ማት ያደረገን ሰው ብዙም አያደንቁትም ነበር ይለኛል። በደካማው ጠጠር፣ በፊል፣ ከሆነ ግን ጭብጨባ ነው። ማሸነፍ ብቻ አይበቃም ነበር ማለት ነው።

እሑድ ሦስተኛውንም ወሰደ። ሰዓቱን አስተካክዬ ለአራተኛው ጠጠሮቹን መደርደር ጀመርኩ። ልጁ ጃኬቱን ለብሷል።

«ጋሼ፣ ግጥሚያው እኮ ተወስኗል። አራተኛው ለሬቲንግ አይቆጠርም። ምሳ እንብላ፣ እኔ ጋባዥ።»

በላሁ። ጥሩ ክትፎ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደወለ። አንድ ጓደኛው 22 ነጥብ ጎድሎታል። «እሺ፣» አልኩት፣ «መጀመሪያ ግን ያችን የቀረችውን እንጫወት። ያለ ዳኛ፣ ያለ ሬቲንግ።»

ሳቀና መልሼ እደውላለሁ አለኝ። እስካሁን አልደወለም።