ወራሹ ለምን ይዋሻል?

በብዙ የወንጀል ልብ ወለዶች ውስጥ ለሀብታም ልጅ የሚሰጠው ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ ይጠጣል፣ ገንዘብ ያባክናል፣ ከአባቱ ጋር ይጣላል፤ አባቱ ተገድሎ ሲገኝ ደግሞ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሆኖ አንባቢውን ለጥቂት ምዕራፎች ካሳሳተ በኋላ ይረሳል። በእጄ ባለው ረቂቅ ውስጥ ግን ይህ ሰው የታሪኩ እምብርት እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ታሪኩ የሚፈጸመው በለገጣፎ በኩል፣ ከተማው እየገፋ እርሻው ገና ሙሉ በሙሉ ባልለቀቀበት ሰፈር ነውና።

የእኛ አገር ወራሽ ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ ርስት የሚጠብቅ ሰው አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች በመጀመሪያ የገጠሩን መሬት፣ ቀጥሎም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ከባለቤቶቹ ስለወሰዱ የቀድሞው የሀብት ሐረግ በዚያው ተቋርጧል። ስለዚህ ዛሬ በአዲስ አበባ ዳርቻ ሕንፃ የሚያወርስ አባት ብዙውን ጊዜ ሀብቱን ራሱ ያፈራ ነው፤ ልጁም የትኛው ገበሬ በምን ያህል ካሳ እንደተነሣ፣ የትኛው ሸሪክ እንደተከዳ ራት ላይ ሲወራ እየሰማ ያደገ ነው። የሚወርሰውን ንብረት ብቻ ሳይሆን የመጣበትንም መንገድ ያውቃል።

በሰፈራችን ጫፍ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የቆመ ጅምር ቤት አለ። የባሕር ዛፍ መወጣጫው ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት አመድ መስሏል፤ ከኮለኖቹ አናት የወጣው ፌሮ ዝጓል፤ ዘበኛው በቆርቆሮ ማደሪያው ፊት ጎመንና ድንች ተክሏል። እንዲህ ያለ ቤት ለምን እንደቆመ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ «የውርስ ክርክር ነው፣ እግድ ወጥቶበታል» ይሉታል። የልብ ወለዴ አስከሬን የሚገኘው በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው።

ገጸ ባሕርዩን በትክክል ያገኘሁት ግን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳነብ ነው። በሕጉ መሠረት ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም ከሌሎቹ አያንስም። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ማንም የማያውቀው ወጣት «አባቴ» እያለ ሲያለቅስ የእያንዳንዱ ወንድምና እኅት ድርሻ እዚያው ይቀንሳል ማለት ነው። በአንቀጽ 838 መሠረት ደግሞ ሟቹን አስቦ በመግደል የተፈረደበት ሰው ሊወርሰው አይችልም፤ ለውርስ ብሎ የገደለ ሰው ከተያዘ የገደለበትን ነገር ያጣል።

ከሁሉም ይበልጥ እንቅልፍ የነሣኝ አንቀጽ 938 ነው። አባት ልጁን በኑዛዜ ከውርስ ሲነቅል ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ዳኛው ምክንያቱ ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑን ሊመረምር ይችላል፤ የተጻፈው ነገር በእርግጥ ተፈጽሟል ወይ የሚለው ግን ክርክር አይነሣበትም፣ እንደ እውነት ይቆጠራል። ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እያለ በሚናገርበት አገር ወቃሹ ሟቹ ራሱ ሲሆን፣ በሕይወት ያለው ልጅ መልስ የሚሰጥበት ቦታ አያገኝም። በእኔ ታሪክ አባትየው በእጁ ጽፎ የተወው ምክንያት «ልጄ እጁን አንሥቶብኛል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አንሥቷል፤ ያነሣው ግን እናቱ ስትደበደብ መሐል ገብቶ ነው። ይህን ልጅ ሞልቃቃ ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ እኔ እጅግ አዝንለታለሁ።

በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ምስክር አያስፈልገውም፤ የታሪኩም ኑዛዜ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። ግድያው በተፈጸመበት ሌሊት ልጁ ወደ ጅምሩ ቤት የመጣው ይህን ወረቀት ፍለጋ ሲሆን፣ አባቱ እንደ ቢሮ ከሚጠቀምበት ክፍል አግኝቶ አቃጥሎታል። ኑዛዜን ሆን ብሎ ያጠፋ ሰውም በዚሁ ሕግ የመውረስ መብቱን ያጣል። መርማሪው «የት ነበርክ?» ሲለው «ቤቴ ተኝቼ ነበር» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እውነቱን ቢናገር ከግድያው ነፃ ይወጣል፣ ነገር ግን ውርሱን ያጣል፤ ከዚያም የከፋው፣ በእናቱ ላይ የደረሰው ነገር በአደባባይ ይወራል። ገንዘቡን ብቻ ፈርቶ ቢዋሽ ኖሮ ስለ እርሱ ለመጻፍ ይህን ያህል ባልደከምኩ ነበር።

መርማሪዬ «በሞቱ ማን ተጠቀመ?» ከሚለው ጥያቄ እንዲጀምር የማልፈልገውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዘበኛው ነው፤ በሩን የሚከፍተው እርሱ ስለሆነ ማን በስንት ሰዓት እንደገባና እንደወጣ፣ ጭስ ከየትኛው ክፍል እንደሸተተ ያውቃል። ነገር ግን ባለቤቱ ከሞተ ወዲህ ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው ነው፤ ከወራሾቹ መካከል ውዝፉን የሚከፍለው ማን እንደሚሆን ሳይታወቅ በአንዳቸውም ላይ ቃሉን መስጠት አይፈልግም።