ሰባት ቀን ተኩል

ማክሰኞ ማታ። መብራት ሄዷል። የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ልጻፍ።

ዛሬ መሥሪያ ቤት ኮድ መጻፍ ያሠለጠንኳት ልጅ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን አመጣች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና "ጋሼ፣ እንዳትቀየመኝ" አለችኝ። ጋሼ የምትለኝ ስትጨነቅ ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ በስሜ ነው የምትጠራኝ። ወረቀቱን ሳልገልጠው ገባኝ። ከአንድ የውጭ ድርጅት ጋር ልትሠራ ነው። ከቤቷ ሆና፣ በዶላር።

"እንኳን ደስ አለሽ!" አልኳት። አፌ ነው ያለው። ሆዴ ሌላ ነገር ነበር የሚለው።

ከሰዓት በኋላ አለቃችን ጠሩኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። "አየህ አይደል? አስተምረህ አስተምረህ ለፈረንጅ አስረከብካት" አሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ የሁለት ዓመት ውል ያልፈረመ፣ ዋስ ያልጠራ ሰው ሥልጠና የሚባል ነገር አያይም አሉ። ውሉን አርቅቄ እስከ አርብ ማምጣት አለብኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ "የሥልጠና ግዴታ ውል" ብዬ ርዕሱን ጻፍኩ፣ አሰመርኩበት። ከዚያ በታች አልሄድልህ አለኝ።

ስትመጣ ትዝ ትለኛለች። ጥቅምት 2016 ነበር። በ2015 የመውጫ ፈተና ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች ውስጥ ነበረች፤ ያለፈችውም በጥሩ ውጤት ነው። ግን አራት ዓመት ሙሉ ኮድ የተፈተነችው በእስክሪብቶ፣ በወረቀት ላይ ነው። አንድ ኮምፒውተር ለሦስት እየተጋሩ፣ መብራት ሲኖር። ጊት የሚባለውን፣ የኮድን ለውጥ እየመዘገበ የሚይዘውን ፕሮግራም፣ ስሙን እንጂ መልኩን አታውቀውም። በመጀመሪያው ቀን የሠራችውን ፕሮጀክት በፍላሽ ይዛልኝ መጣች፤ ፍላሹ ላይ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "እውነተኛው የመጨረሻ" የሚሉ ፎልደሮች ነበሩ። ሳቅኩ። ባልስቅ ጥሩ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ምንም ነገር አልጠየቀችኝም።

ያኔ ነው በየጠዋቱ ለአንድ ሰዓት አብሮ መቀመጥ የጀመርነው። ከ3 እስከ 4። ስልክ ይዘጋል፣ ስብሰባ የለም። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ሰዓቱን ሙሉ አንዲት መስመር ላይ ተጣብቀን እናልፋለን። በሁለተኛው ወር አካባቢ "እርስዎ" ማለቷን ተወች። እኔ ብዙም ልብ አላልኩትም ነበር፤ አሁን ሳስበው ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ለምን ብትሉ፣ በጳጉሜን የተነሳ!

የምንሠራው ሶፍትዌር ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ነው። የብድሩን ወለድ በየወሩ ያሰላል። ነሐሴ 2016 ላይ ሥራ ሊጀምር ሳምንታት ሲቀሩት እየሞከርን ነበር። ልጅቷ መጥታ "ይሄ ነገር ለጳጉሜን የሠላሳ ቀን ወለድ ይቆርጣል እንዴ?" አለችኝ። አየሁት። ይቆርጣል! አምስት ቀን ላላት ወር የሙሉ ወር ሒሳብ። ያንን ኮድ የጻፈው ማን መሰላችሁ? እኔ። ላቤ ጠብ አለ። አስተካከልኩትና "በቃ፣ አለቀ" አልኳት።

"በሉቃስስ?" አለች።

"ምን በሉቃስ?"

"በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ናት። የሚመጣው 2019 ነው። ይሄ ስድስተኛዋን ቀን 'የለችም' ይላል።"

ሞከርነው፤ የለችም አለ። ይሄን ከዩኒቨርሲቲ አይደለም ያመጣችው። አያቷ ናቸው ያስቆጠሯት፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያሉ። ፍላሿን ይዛ በገባችበት ቀንም ይሄን ታውቅ ነበር። ግን በዚያ ቀን "ተሳስተሃል" ብላ ፊት ለፊቴ አትቆምም። "እርስዎ ተሳስተዋል" ማለት ይከብዳላ። የጠዋቷ ሰዓት ስንት ነገር አስተምራት ይሆናል፤ እኛን የጠቀመን ግን ያቺ "በሉቃስስ?" ነች። ያን ሁሉ ማኅበርተኛ ለአምስት ቀን የወር ወለድ አስከፍለን ቢሆን ኖሮ... ተዉት፤ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ማታውን ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ ሒሳብ ሠራሁ። ምን ያህል ጊዜ አባከንኩባት? በወር 20 የሥራ ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ ሦስት ወር። 60 ሰዓት። በስምንት ሲካፈል ሰባት ቀን ተኩል። ደግሜ ደመርኩት። ሰባት ቀን ተኩል! የሁለት ዓመት ውል አርቅቅ የተባልኩት፣ ዋስ የሚጠራው፣ እኔም ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እንደተዘረፈ ሰው የተብከነከንኩት ለዚህች ነው። ለአንድ ክፍት ቦታ ማስታወቂያ አውጥተን፣ ፈትነን፣ ተከራክረን እስክንቀጥር ከዚያ በላይ ይፈጅብናል።

እርግጥ ገንዘብም ወጥቷል፤ ብዙ ባይሆንም። አንድ የኢንተርኔት ኮርስ ፈልጋ ነበር። ክፍያው በዶላር ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ "ምንዛሪ ከየት ይመጣል" አለ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ። በመጨረሻ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በካርዷ ከፈለችልኝ። እስካሁን ብሩን አልመለስኩላትም። ይሄን ካነበበች አለቀልኝ።

ልጅቷን ምን ወሰዳት ከተባለ ግን እኛው የምናውቀው ነገር ነው። ሐምሌ 2016ን አስታውሱ። በ16ኛው ቀን አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን (ኮድ ጸሐፊዎችን) የማሠልጠን ፕሮግራም ከኤምሬትስ ጋር ይፋ ሆነ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ፣ በኢንተርኔት፣ በነፃ። ሳምንት ሳይሞላ፣ በ22፣ የዶላር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን ዘለለ። አምስት መቶ ዶላር በወር የሚያገኝ ልጅ በፊት 28,500 ብር ነበር የሚደርሰው፤ ከዚያ በኋላ ከ50,000 በላይ ሆነለት። በብር የሚከፈለን እኛ ያው ነን። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ እጅ "ተማሩ" አለ፣ ሌላው እጅ የተማረውን በዓለም ዋጋ ገበያ ላይ አወጣው። ይሄን በሁለት ገጽ ውልና በአንድ ዋስ ላቆመው ነው እንግዲህ!

አጎቴ መርካቶ ሱቅ ነበረው። ልጆች ከገጠር ይመጡለታል። ሱቅ ውስጥ ያድራሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ይሸከማሉ፤ ቀስ እያሉ ዋጋ ይለምዳሉ፣ ሰው ማወቅ ይለምዳሉ። አራት አምስት ዓመት ሲሞላቸው ራሱ ነው የሚያስወጣቸው። ሱቅ ይፈልግላቸዋል፣ መነሻ ዕቃ በዱቤ ይሰጣቸዋል። ልጅ ሆኜ "አይቆጭህም?" ብዬው ነበር። "ከኔ ነው እኮ ዕቃ የሚወስደው" አለኝ፣ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ። በዚያ ሱቅ ውል ሲፈረም አላየሁም።

ይሄን ለአለቃችን ብነግራቸው የሚሉኝን አውቃለሁ፤ "ያቺ ልጅ ከኛ ምን ዕቃ ትወስዳለች?" ልክ ናቸው። ምንም አትወስድም። ምሳሌው እዚህ ጋ ይሰበራል፤ መልስም የለኝም። ያለኝ አንድ ሌላ ትዝታ ነው።

እኔ ሥራ ስጀምር የተመደብኩለት ሰው "ሙያ በልብ ነው" ይል ነበር። አባባሉ ጉራ እንዳይነዛ የተባለ ነው እንጂ ለፓስወርድ አልተባለም፤ እሱ ግን የሰርቨሩን ፓስወርድ ሳይቀር በልቡ ነበር የያዘው። ስጠጋ ስክሪኑን ያዞራል። ማንም እንዳይተካው ነበር ሐሳቡ። ተሳካለትም። በሄደ ጊዜ ሰርቨሩ ውስጥ ለመግባት ሦስት ቀን ፈጀብን፤ አንዳንዱን ፕሮግራም ከዜሮ ጻፍነው። እሱም ሄደ፣ እሷም ልትሄድ ነው። ሰው መሄዱ አይቀርም። እሷ ግን ለማስረከቢያ የሚሆን አሥራ አንድ ገጽ ጽፋ ነው ደብዳቤውን ያመጣችው። ከነምክንያቱ፣ ከነስህተቱ። አንደኛው ገጽ ላይ በትልቁ "የ2019 ጳጉሜን!" ይላል። አስተካክለነዋል እኮ! አላመነችኝም ማለት ነው። ደግ አደረገች።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አለባት። ወር ሙሉ አብረን ነን።

ባትሪው ስድስት ከመቶ ይላል። ከውሉ ርዕስ በታች አንድ መስመር ጻፍኩ፤ "በቀን 1 ሰዓት፣ ለ3 ወር፣ ድምር 7 ቀን ተኩል።" አርብ ይሄንኑ ይዤ ነው የምገባው። ምን እንደሚሉኝ እንጃ፤ ቢያንስ ውል አምጣ ሲሉኝ ዋጋውን ይወቁት።

አዲሱ ልጅ ነገ ይጀምራል። ከ3 እስከ 4 እሷም አጠገቡ ልትቀመጥ ጠይቃኛለች። ፍላሽ ይዞ እንዳይመጣ ልደውልለት አስቤ ነበር። ተውኩት። ይዞ ይምጣ፤ አልስቅም።