ከጦሳ ግርጌ እስከ ፒያሳ፦ የማለዳ መንገዴ

ማለዳ ከቤት ስወጣ የምይዘው መንገድ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ይሁን እንጂ ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተሰንጋ የተዘረጋች ከተማ በመሆኗ፣ በየትኛውም በኩል ብወጣ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። በእግር መሄድ የጀመርኩት ለጤናዬ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን የምጓጓለት ለሌላ ነገር ሆኗል። በየዕለቱ በማልፍባቸው ቦታዎች ምን እንደተደረገ፣ ማን እንደቆመባቸውና ማን እንደሸሸባቸው ማወቅ እፈልጋለሁ። ያነበብኩትን ይዤ ወደ ቦታው እሄዳለሁ፤ እዚያ ስደርስ ደግሞ ዕድሜ የጠገበ ሰው ካገኘሁ ሰላምታ ሰጥቼ እጠይቃለሁ።

አዘውትሬ የምወጣው ወደ አይጠየፍ አዳራሽ ነው። ራስ፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ይህ አዳራሽ መኳንንቱም ተራው ሰውም በአንድ ጣሪያ ሥር ግብር የሚበላበት ነበር። የሰፈራችን አባቶች ሲያወሩ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረድ ስለነበር ማንም ጦሙን አይመለስም ነበር ይላሉ። እዚያ ስቆም ግን በሐሳቤ የሚመጣው ድግሱ ብቻ አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል በግንቦት 1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ደፉ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በመውረዳቸው የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱና ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። በዚህ አዳራሽ ግብር ሲበሉ ከነበሩት ሰዎች ስንቱ ከሰገሌ ሜዳ ሳይመለስ ቀረ? የእነዚያን ሰዎች ስም የጻፈልን የለም። የንጉሡን ስም የምናውቀውን ያህል የተከተላቸውን ሰው አለማወቃችን ዘወትር ያሳዝነኛል።

ከአይጠየፍ ወርጄ ወደ ፒያሳ ስገባ ዘመኑ ይለወጣል። በዚህ በኩል በጣሊያን ጊዜ የተሠሩ ቤቶች እስካሁን ድረስ ሱቅም ቢሮም ሆነው ያገለግላሉ። ከእነዚህ በአንደኛው ደጃፍ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች አሉት፤ የመካከለኛው ደረጃ ወገቡ ላይ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ዝናብ ባደረ ማግስት በጉድጓዱ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ ውሃ ይቋጥራል። የሱቁ ባለቤት በየጠዋቱ ያንን ውሃ በመጥረጊያ ጠርጎ በሩን ይከፍታል። ደረጃውን ያስጠረበው ወራሪ ነው፤ የበላው ግን ከዚያ ወዲህ ዘይትና ጨው፣ ደብተርና ጨርቅ ሊገዛ የወጣና የወረደ የደሴ ሰው እግር ነው። ስለዚህ ይህን ቤት የጣሊያን ቤት ብሎ መጥራት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጣሊያኖች ወደዚህች ከተማ መጀመሪያ የመጡት በሰማይ ነው። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ላይ አድርገው ነበር፤ ኅዳር 26 ቀን አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። የሣር ክዳን ቤቶች ተቃጠሉ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። የውጭ አገር ሐኪሞችና ጋዜጠኞች በከተማዋ ስለነበሩ ወሬው ለዓለም ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ጃንሆይ ራሳቸው በፀረ አውሮፕላን መትረየስ ላይ ሆነው ሲተኩሱ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ያላየ የደሴ ልጅ ጥቂት ነው። ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ከተማዋን ያዘ፤ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮችና አርበኞች ኮምቦልቻ ላይ የነበረውን ምሽግ ሰብረው እስኪገቡ፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ በእጁ ቆየች።

ይህን ሁሉ በንባብ አውቀው ነበር። ነገር ግን ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ላይ የማገኛቸው አንድ አባት ስለዚያ ቀን ስጠይቃቸው የነገሩኝ ከንባቡ ሁሉ ይበልጥ በልቤ ቀረ። «እኔ ያኔ አልተወለድኩም ልጄ» አሉኝ። «እናቴ ናት የነገረችኝ። ታላቅ ወንድሜን አዝላ ወደ ጦሳ ስትሮጥ፣ ምጣዱን ከእሳት ሳታወርድ መውጣቷ ትዝ አላት። አውሮፕላኑ በላይዋ እየጮኸ እሷ ስለ እንጀራው ታስብ ነበር።» ቤታቸው ተርፎ እንደሆነ ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «አላህ ሰውን ካተረፈ ቤት ይሠራል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጦሳ ቀና ባልኩ ቁጥር ገደላ ገደሉን የምትወጣ ሴት የማይ ይመስለኛል።

በዚሁ መንገዴ ላይ ሳልፍ ልቤን የሚከብደኝ ቦታ ሙዚየሙ ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ የተቋቋመው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማዋ በተያዘችበት ጊዜ ተዘርፏል። በልጅነታችን ከትምህርት ቤት በሰልፍ ወስደውን፣ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን እንድናይ የታዘዝንበት ቤት ነው። ከጠፉት አንዳንዶቹ ለሻጩ ዋጋ የማያወጡ፣ ለእኛ ግን ምትክ የሌላቸው ነበሩ። ምናልባት በየጓዳው የአያት የብራና መጽሐፍ፣ ቅርስ የሆነ ጎራዴ ወይም አሮጌ ፎቶግራፍ ያላቸው የከተማችን ሰዎች ቢያንስ ፎቶ አንስተው፣ የማን እንደነበረና ከየት እንደመጣ ጽፈው ቢያኖሩ ብዬ እመኛለሁ። እኔ ከራሴ ዘመዶች ጀምሬአለሁ።

አሁን አሁን የጎረቤታችን ልጅ አብራኝ ትወጣለች። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ጥያቄዋ አያልቅም። ሰሞኑን ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነገርኳት። በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የሃይማኖት ክርክር በተዋሕዶ አሸናፊነት እንደዘጉት፣ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ እንደታዘዘ፣ ኢማም መሐመድ አሊም በአፄ ዮሐንስ የክርስትና አባትነት ተጠምቀው ሚካኤል እንደተባሉ አስረዳኋት። የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩት እኚሁ ሰው መሆናቸውን ስትሰማ ቆም አለች። ትእዛዙን አንቀበልም ብለው እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር የተነሡ እንደነበሩ፣ በርካቶችም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው እንደኖሩ ጨመርኩላት።

«በግድ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ፣ በግድ ነበር አልኳት። የወሎ ሰው ተዋዶና ተጋብቶ የሚኖር መሆኑ እውነት ነው፤ የእሷም አያቶች በሁለቱም ወገን አሉ። ነገር ግን ይህ መዋደድ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለውን ዘመን አልፈው፣ ቡና ጀባ እየተባባሉ በአንድ ሰፈር ለመኖር የመረጡ ሰዎች ያቆዩት መሆኑን ልጆች እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ክፉውን ደብቆ ደጉን ብቻ መንገር ለእነዚያ ሰዎች ምስጋና መንፈግ ይመስለኛል።

ልጅቷ ቦታውን በዓይኗ ማየት አለብኝ ብላለች። ቅዳሜ ጠዋት እስከ ቦሩ ሜዳ በታክሲ ሄደን መመለሻውን በእግር ልናደርገው ተስማምተናል። እናቷ መጀመሪያ መንገዱ ይርቃል ብላ ነበር፤ በኋላ ግን እሷም ልትመጣ ወሰነች።